የበዓል ቀን ተማሪ

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት አሮጌ ቸርኬ አጋድሞ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ፣ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ይመጣና ከያዝኩት ሥራ ያስቆመኛል። የእኛ ትምህርት ቤት ደወልም ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ሌላው ሰው የልጅነቱን ደወል ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ግን ማጭድ የጨበጠው እጄ ነው።

ቤታችን ቀየት ከምትባለው መንደር ወዲያ፣ ከገብስ በቀር ሌላ እህል በማይወድደው ደጋ ላይ ነበር። በአንድ መስከረም ታላቅ ወንድሜ ሽፈራውና እኔ አብረን ተመዘገብን። መምህራችን ከደብረ ብርሃን የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመው ዓመቱን እንደ ማሳ ከፋፍለው አስረዱን። እስከ ኅዳር ፊደል ለይቶ መጨረስ፣ እስከ ጥምቀት መደመርና መቀነስ፣ እስከ ፋሲካ ሳይንተባተቡ ማንበብ፣ ከዚያ ማባዛት፣ ሰኔ ላይ ፈተና። ከእኛ የሚጠበቀውንም ነገሩን፤ ፊትና እግር ታጥቦ መምጣት፣ ሲጠየቁ ተነስቶ መመለስ፣ ከሁሉም በላይ ግን በየቀኑ መገኘት። እኔ ያን ሁሉ በቃሌ ይዤ፣ መንገዱን እየደጋገምኩት ወደ ቤት ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ እኔን አስከትሎ መምህሩ ዘንድ ሄደ።

«መምህር፣ ወንዱን ወስደውታል፣ ያስተምሩት። ሴቷን ግን በበዓል በበዓሉ ልስጥዎት» አላቸው።

«እንዴት በበዓል በበዓሉ?»

«በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም፤ እንዝርት በማይነሳበት፣ ወፍጮ በማይነካበት ቀን። በሥራ ቀንማ የበጉን ጠጉር ማን ይፈትልልኛል? የምንለብሰው ባና በምን ይሠራል?»

መምህሩ ሳቁ። «ትምህርት እኮ በቅዱሳን አይቆጠርም፣ አባቴ።»

«ታዲያ በማን ይቆጠራል?» አለ አባቴ፣ ከልቡ ተገርሞ።

መምህሩ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። በየቀኑ መገኘት ግዴታ ነው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ በግዴታው የጸኑት ግን በወንዶቹ ላይ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሆኜ የበዓል ቀን ተማሪ ሆንኩ። ትልልቆቹ ዓመታዊ በዓላት ሲሆኑ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋል፤ ወርኃዊው በዓል ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል ደግሞ ለእኔ ቀኑ እንደ ሞተ ነበር። በመካከል የተረፈችውን ቀን ይዤ፣ ከሌሊት ጀምሬ ውኃውን ቀድቼ፣ በሩጫ እደርሳለሁ። ልጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አስካለ መጣች! ዛሬ የማን በዓል ነው?» ይሉ ነበር። ይባስ ብሎ መምህሩም ቀኑ ሲጠፋባቸው ወደ እኔ እያዩ «አስካለ ካለች ዛሬ አሥራ ሁለት ነው፣ ሚካኤል ነው» ብለው በሰሌዳው ጥግ ይጽፉና ክፍሉን ያስቁብኝ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ሲያነጣው ሌሎቹ ፊደል ጨርሰው ነበር፤ የእኔ ፊደል ግን እንደ ብል የበላው ባና ክፍተቱ ብዙ ነበር። የአንዱን ፊደል ዘር ከነእርባታው አውቃለሁ፤ ቀጥሎ ያለውን የተማሩት በሥራ ቀን ስለሆነ አላውቀውም። ኋላም ወደ ማባዛቱ ሲገባ የሦስትን ብዜት ተምሬ፣ አራትና አምስት አልፈውኝ፣ ስድስት ላይ ደረስኩ። የጎደለውን እንዲነግረኝ ሽፈራውን እለምነው ነበር።

«የበጎቹን ጋጣ ጥረጊልኝና እነግርሻለሁ» ይለኛል።

ጠርጌ ስመለስ ግማሹን ነግሮኝ፣ «የቀረው ለነገ ጋጣ ነው» ብሎ ይስቃል። አባቴ ይህን እየሰማ አብሮት ይስቅ ነበር። እኔ ግን ግማሹንም ቢሆን እንዝርቴን እያሾርኩ በአፌ ሳላምጠው አላድርም ነበር፤ የነገውንም ጋጣ እጠርግ ነበር።

በልግ መጣ። ሚያዝያ ሃያ አራት፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ገብሱ ዛላ ባወጣበት ሰሞን በረዶ ወርዶ ማሳውን አስተኛው። የአገሩ ሰው ያን ቀን ይሠራበት ስለነበር «ቀኑን ስለደፈርን ነው» ተባለና፣ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰብስበው፣ ቄሱ ከእንግዲህ ወር በገባ በሃያ አራት ማንም ሥራ እንዳይነካ ገዘቱ። እናቴ የወደቀውን ዛላ እያነሳች ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን አንድ የትምህርት ቀን እንደተጨመረልኝ ገብቶኝ ፈገግ አልኩ።

«ምን ያስፈግግሻል፣ አንቺ ክፉ!» ብላ በጥፊ አጮለችኝ።

በዚያ ፈገግታ ዛሬም አላፍርም። በዚያ ዓመት ከበረዶው በቀር ያገዘኝ አልነበረም።

በግንቦት ተክለ ሃይማኖት አዲሱን በዓሌን ይዤ ስሄድ መምህሩ የዓመቱን ትምህርት ከመጀመሪያው መከለስ ጀምረው አገኘኋቸው፤ ያመለጡኝ ነገሮች እየተመለሱ ቀዳዳዬን ሲደፍኑልኝ ይታወቀኝ ነበር። ሊያሰናብቱን ሲሉ «ፈተናው በሚመጣው ወር በዛሬዋ ቀን ነው፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ ያልተፈተነ እንደገና ከታች ይጀምራል» አሉ። በዛሬዋ ቀን! እግዚአብሔር ራሱ ስለ እኔ ብሎ የቀጠረው መሰለኝ። ግዝት ነውና ማንም ከቤት ሊያስቀረኝ አይችልም ብዬ ወሩን በሙሉ በደስታ ፈተልኩ።

ሰኔ ላይ ከበረዶው የተረፈው ገብስ ደረሰ፤ ሰማዩም ጠቆረ። ወንዶቹ ቄሱ ዘንድ ሄደው እህሉ ሊበሰብስ ነው ቢሏቸው፣ ቄሱ ለዚያች አንድ ቀን ከግዝቱ ፈቷቸው። አባቴ ይህን ሲያወራ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ።

«ነገ እኮ ፈተና አለብኝ» አልኩ።

«ነገ አጨዳ ነው።»

«ነገ በዓል ነው!»

«ተፈትቷል ተባለ እኮ፣ ልጄ።»

«ሽፈራውስ?»

«እሱማ ይፈተናል» አለች እናቴ፤ ብድግ ብላም የእሱን ማጭድ ከግድግዳው አውርዳ በእጄ አስያዘችኝ። ሽፈራው ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ከጎንበስኩበት ሳልቃና ቸርኬው ሲደወል ሰማሁት። ዝናቡ በዚያ ቀን አልጣለም፤ በማግስቱም አልጣለም።

መስከረም ጠብቶ በሚካኤል ትምህርት ቤት ስሄድ መምህሩ ከበሩ መለሱኝ። «ወንድምሽን የት ናት ስለው፣ አልፈልግም ብላ ቀረች አለኝ። ከታች ከጀማሪዎቹ ጋር ግቢ» አሉ። ይህን ለአባቴ ብነግረው «ለአንድ ክፍል ሁለት ዓመት? በይ እንዝርትሽን አንሺ» አለኝ። በዚሁ አበቃ። ንባብ የጨረስኩት ልጆች ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ፣ ማታ ማታ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ነው።

ሽፈራው ግን ተምሮ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ መሐል ሜዳ ይኖራል። ዘንድሮ በፋሲካ ቤቴ ተቀምጦ እየበላ፣ አብራኝ ለምትኖረው የልጅ ልጄ «አያትሽ እኮ ትምህርት አትወድም ነበር፤ በፈተና ቀን እንኳ እንቢ ብላ ነው የቀረችው» አላት። ያን ውሸት ለመምህሩ ብቻ የነገረው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሲመግበው ኖሮ እሱም አምኖታል። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም ያን ዕለት ዝም አልኩ፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

የልጅቷ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሲጀመር ወላጆችን ጠርቶ ከልጆቹ የሚጠበቀውን ያስረዳል። በየቀኑ መገኘት አሁንም ፊተኛው ነው። እኔም ዝናብ ሆነ ውርጭ፣ ሚካኤል ሆነ ማርያም፣ አንድ ቀን አስቀርቻት አላውቅም። በዓላቱን እንደ ጎረቤቶቼ አከብራለሁ፤ ወር በገባ በሃያ አራት ግን የበግ ጠጉሬን አውጥቼ ደጃፌ ላይ እፈትላለሁ። ባለፈው ወር ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አየችኝና ቆመች።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ተክልዬ ነው። ሰው ያይሻል።»

«ይየኝ» አልኳት። «ይቺን ቀን ቄሱ ድሮ ፈትተውልኛል፤ መልሶ ያሰረብኝ የለም። አንቺ ሂጂ፣ ደወሉ እንዳያመልጥሽ።»