አንድ ወይም ሁለት

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ የዘማች ቤተሰቦችን በኮምፒውተር እመዘግብ ነበር። ፕሮግራሙን ቤዚክ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የሦስት ወር ኮርስ ስለወሰድኩ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፤ ዘማቹ በሕይወት ካለ 1፣ ከሞተ 2። ሌላ ነገር ከተጻፈ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ያመጣል።

አንድ ቀን ከሸጎሌ አንዲት እናት መጡ። የልጃቸው ደብዳቤ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«አለ ወይስ ሞቷል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? አልታወቀም በይልኝ።»

«እማማ፣ አልታወቀም የሚል ቁጥር የለም።»

«እንግዲያው ክፍት ተይው።»

ባዶውን ስልከው ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ከኋላቸው ሰልፉ ያጉረመርማል። ሦስተኛ መልስ እንዲቀበል ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሰለቸኝና 2ን ተጫንኩ።

«ምን አልሽው?»

«ሞቷል።»

ኮምፒውተሩ የሚያውቅ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። እኔ ቀና አላልኩም። ቀጣዩ ጥያቄ የሞተበት ቀን ነበር፤ እሱም ባዶ አይቀበልም። የዕለቱን ቀን ጻፍኩበት።