ጎሚስታውና ባለአረፋው ወይን

ሰፈሩ ሁሉ «ትንፋሽ» ይለዋል። ጎሚስታ ነው። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። አዲስ ተጋቢ ሳሉ ኮምፕሬሰር መግዣ አቅም ስላልነበረው ቀኑን ሙሉ ጎማ በእጅ ፓምፕ ሲነፋ ውሎ እራት ላይ እያለከለከ ይቀመጥ ነበር። እሷም «ትንፋሼ መጣ» እያለች ትቀልድበታለች። ቀልዱ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። አሁን ሃምሳዎቹን አገባዷል፤ ኮምፕሬሰሩም ከገባ ቆየ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ሚስቱ ከመንገዱ ማዶ ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። አፍንጫዋ ለጉድ ነው። አንድ ኮት ተቀብላ ባለቤቱ የት እንዳመሸ፣ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ልትነግርህ ትችላለች፤ ግን አትናገርም፣ ሥራዋን ትወዳለች። ትንፋሽ ሲጋራ የተወው ሐኪም ፈርቶ ሳይሆን ይህን አፍንጫ ፈርቶ ነው።

ትልቋ ልጃቸው ልታገባ ሆነና የሁለቱ ወገን ወላጆች እንዲተዋወቁ አንድ እሑድ ምሳ ተዘጋጀ። የሙሽራው አባት ዕድሜውን በመርከብ ምግብ አብሳይነት የጨረሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ቀን በገዛ እጇ የሰፋችውን ነጣ ያለ ቀሚስ ለብሳ መጣች። አብሳዩ ገና ከመግባቱ አንድ ጠርሙስ ለትንፋሽ አስረከበው። የጣሊያን ባለአረፋ ወይን ነው፤ ፕሮሴኮ ይሉታል። ትንፋሽ በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ። ፍሪጁ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር ጠርሙሱን ከፍሪጁ አናት ላይ፣ ከምድጃው ጎን አስቀመጠው።

ምሳው ተበላ፣ ኬኩ ቀረበ፤ ጠርሙሱን የሙሽሪት አባት ይክፈት ተባለ። ትንፋሽ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲከፈት ያየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ የመኪና ውድድር ያሸነፉ ልጆች እርስ በርስ ሲረጫጩ። እሱም ሽቦውን ፈታና እንዳየው አድርጎ ወዘወዘው። ቡሹ ተተኩሶ የጣሪያውን መብራት ሽፋን መታው። ሽፋኑ ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመው አቧራና የሞተ ዝንብ ኬኩ ላይ ዘነበ። አረፋው ደግሞ ሌላ ሰው ያለ አይመስል፣ ቀጥ ብሎ የልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ላይ አረፈ።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን አየች፤ ቀጥላ ኬኩን አየች። ከዚያ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችና ሳቀች። ሁሉም ተከትሏት ሳቀ። ትንፋሽም ሳቀ፣ ሆዱ ግን አልሳቀም። ከጠርሙሱ የተረፈው ለየሰው አንድ አንድ ጉንጭ ደረሰው። ለትንፋሽ ለብ ያለ፣ መርፌ የተጨመረበት የፖም ጭማቂ መሰለው። ሰው ለዚህ ነው እንዴ እንደዚያ የሚሆነው ብሎ ተገረመ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቱ ቀሚሱን እሷ ራሷ እንደምታጥበው፣ እድፉም እንደሚለቅ ነገረችው። እሱን ያንገበገበው ግን ቀሚሱ አልነበረም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከአየር ጋር ኖሬ» አላት፣ «አየር ያዋርደኝ?»

በማግስቱ ወደ መጠጥ መደብሩ ሄደ። የመደብሩን ባለቤት የሚያውቃት የዕቃ ማመላለሻ መኪናዋ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር እሱ ዘንድ ስለምትመጣ ነው። ጨዋታ የምትወድ፣ ስለ ወይን ካነሱባት ደግሞ የማትመለስ ሴት ናት። የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ሳቋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ ተመሳሳይ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ውስጡ የታመቀው ግፊት የቤት መኪና ጎማ ከሚይዘው እጥፍ እንደሚሆን ስትነግረው ትንፋሽ ጠርሙሱን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያህል የተነፋ ጎማ ቢያመጡልዎ ወዝውዘው ነው የሚከፍቱት?»

«ከጎኑም አልቆም» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ቋንቋ ገባው። መጀመሪያ ጠርሙሱ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ሲሞቅ ጋዙ ይቆጣል፣ ሲበርድ ይረጋል። ሽቦው ከላላበት ጊዜ አንስቶ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሳም። ጠርሙሱ ሰው ወደሌለበት ዘንበል ይደረግና ቡሹን አጥብቆ ይዞ ጠርሙሱን ማዞር ነው። ቡሹ ልውጣ ብሎ ሲገፋ መልሶ እየገፉ በልክ መልቀቅ። ጥሩ የተከፈተ ጠርሙስ አይጮህም፤ እፎይ ነው የሚለው አለችው። እሷ አንዱን ከፍታ አሳየችው፤ እውነትም እፎይ አለ። ቀዝቃዛውን ሲቀምሰው ከእሑዱ ጋር ጭራሽ የማይተዋወቅ መጠጥ ሆኖ አገኘው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደዚያ ብቅ ማለት ለመደ። ሚስቱ ግን አፍንጫ አላት። አንድ ቀን ሸሚዙን ይዛ «ይሄ ነገር አበባ አበባ ይላል» አለችው፤ አነጋገሯም ሸሚዙን ለማሞገስ አልነበረም። እውነቱን ነገራት። ጎሚስታ ወይን ሊማር ሄደ የሚለው ወሬ አልዋጥልሽ ስላላት በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ ተከትላው ገባች።

የመደብሩ ባለቤት ነገሩ ወዲያው ገብቷት ወንበር ሳበችላት፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠቻት። እንዲህ ያለው ብርጭቆ ሽታውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያመጣል። ሚስትየው ሳትጠጣ ብዙ አሸተተች።

«አረንጓዴ ፖም» አለች በመጨረሻ። «ነጭ አበባ። ደግሞ ፀሐይ ላይ የደረቀ አንሶላ።»

ባለመደብሯ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ሌላ ዓይነት ከፈተች። ሚስትየው ይሄኛው ጠዋት ዳቦ ቤት መግባት ነው አለች። ባለመደብሯም ልዩነቱን አስረዳቻቸው። ፕሮሴኮ አረፋውን የሚያገኘው ትልቅ የተዘጋ በርሜል ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው የፍሬው ሽታ ትኩስ የሚሆነው። ይሄኛው ፍራንቻኮርታ ግን እዚያው በየጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላና ከእርሾው ጋር ረጅም ጊዜ ይተኛል፤ የዳቦው ሽታ የዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ አስቲ የሚባለውን ጣፋጩን አመጣች፤ ትንፋሽ አንዴ ቀምሶ የኔ ይሄ ነው አለ።

ትንሽ የተጣሉት ጽሑፉ ላይ ነው። አንዱ ጠርሙስ «ብሩት» ይላል፣ ሌላው «ኤክስትራ ድራይ»፤ ድራይ ደግሞ ደረቅ ማለት ነው። ትንፋሽ እጅግ ደረቅ የተባለው ስኳር የሌለው መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። የለም፣ ብሩቱ ነው ስኳሩ የሚያንሰው አለችው ባለመደብሯ።

«ደረቅ ብለው ጽፈው ጣፋጭ ይሸጣሉ?»

«ያንን ግዙፉን ባለሥጋ ቤት ሰፈሩ ማን ብሎ ነው የሚጠራው?» አለች ሚስቱ።

«ቀጮ» አለና ክርክሩን ተወው።

እንደ ሚስቱ ሽታ መለየት ግን አልሆነለትም። የእሱ ደስታ ሌላ ቦታ ነበር። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ከሥር ተነስተው ሰልፍ ይዘው የሚወጡትን ጥቃቅን አረፋዎች ያያል። ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚደፈን ነገር አለመኖሩ ነው አላቸው።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የአብሳዩ መኪና አንድ ጎማዋ ተኝቶ እያነከሰች ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ትንፋሽ ምስማሩን ነቅሎ፣ ጎማውን ጠግኖ ሲጨርስ አብሳዩ እንዲቀመጥ ለመነው። ጎሚስታ ቤቱ ባለችው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ፕሮሴኮ ነበረች። ከጎረቤት ጨው የተነሰነሰበት ትኩስ የድንች ጥብስ አስመጣ፤ ጨውና ቅባት ከዚህ ወይን ጋር ይስማማሉ ብላው ነበር ባለመደብሯ። እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከፈታት። እፎይ አለች። ብርጭቆዎቹ የውሃ ስለሆኑ ይቅርታ ጠየቀ።

አብሳዩ ጠጣ። እንደገና ጠጣ። ከዚያ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አንድ ነገር ልንገርህ አለ።

«መርከብ ላይ ይሄ ነገር በየማታው ይከፈት ነበር። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ሰው ደስ ሲለው የሚጠጣው ይሄን ነው ብዬ ለእናንተ አመጣሁ እንጂ፣ እኔም እንደዚህ ቁጭ ብዬ ስቀምሰው ዛሬ ነው።»

ትንፋሽ ጨመረለት፤ ድንቹንም ወደሱ ገፋ አደረገ። ያን ቀን ሁለቱ አባቶች ስለ ማዕበል፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄደ።

ሠርጉ አማረ፤ ልጅቷም ሌላ ከተማ ገባች። አሁን እንግዳ ሲመጣባት የትኛውን ጠርሙስ ልግዛ ብላ ወደ ቤት ትደውላለች። ትንፋሽ ስልኩን ያነሳና መጀመሪያ ምን ሠርታችኋል ብሎ ይጠይቃል፤ ኬክ ካለ አስቲ፣ ጥብስ ካለ ብሩት ማለት ይጀምራል። ሳይጨርስ ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ትነጥቀዋለች። እሷ የምትለው ሌላ ነው፤ እሱም አጠገቧ ቆሞ አይሆንም ይላታል፤ ልጅቷ በዚያ በኩል እስኪስማሙ ትጠብቃለች።