ብቻዬን የተጫረትኩባት ፔጆ

ሐረር በመምህርነት ተመድቤ በመጣሁ በወሩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጀጎል ውስጥ ባለው ግቢው አሮጌ ፔጆ በጨረታ እንደሚሸጥ ሰማሁና ሄድኩ። መኪናዋ አቧራ ከመልበሷ በቀር ደህና ናት፤ ሞተሯም በአንዴ ተነሣ። ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ዋጋ ሲጠራ ግን ከእኔ በቀር እጁን ያነሣ የለም። የዚህ አገር ሰው መኪና አይወድም ማለት ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ጨረታው አለቀ፤ ማንም ግን አልሄደም። "ማሻአላህ፣ መብሩክ!" እያሉ ጨበጡኝና ጥላ ጥላውን ይዘው ተቀመጡ። አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ሻይ አዘዘልኝ። ሁሉም እያየኝ መኪናዋን አስነሥቼ ወደ በሩ አዞርኳት። በሩ የተጫነች አህያ እንኳ አያሳልፍም። እኔም የገባሁት በእሱው ነበር፤ ያኔ ግን ዓይኔ መኪናዋ ላይ ነበር።

"አባባ፣ የመኪና መውጫው በየት ነው?" አልኳቸው በሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ዘበኛ።

"አብሽር ልጄ፤ እሷ ስትገባ ይሄ ግንብ አልተሠራም ነበር።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አምና ገዝቶ ትቷት የሄደው ያ ሻይ ያዘዘልህ ሰውዬ ነው፤ እሱን ጠይቀው።"