ጥርሷን ስታንቀጫቅጭ

እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። አሠሪዋ ማዳም መኪናው አጠገብ ሆነው ሻንጣ ያስጭናሉ። ዘበኛው አዴር ዋይስ የውጭውን በር ከፍቶ ይዟል፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፣ እኛ ግቢ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚጠራው። የማዳም ልጅ ሲልቪ በረንዳው ደረጃ ላይ የእንጨት ሣጥን አቅፋለች። እኔ ከውሃ በርሜሉ ጎን ነበርኩ፤ እናቴ «ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላኛለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጅቡቲ ገና በፈረንሳዮች እጅ ሳለች፣ ሙቀቱ ሲበረታ የፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ፈረንጆች ቤታቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ይሄዱ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው እንስሳ በመርከብ ከመጣች ሳምንት አልሞላትም። ጭራ የላትም፣ ጆሮዋ አጭር ነው፣ ቡናማ ናት። ዛሬ ልጆች ጊኒ ፒግ ይሏታል። ሲልቪ ኖአዜት ብላታለች፤ እናቴ ግን «አይጧ» ነበር የምትላት።

«ኖአዜትን አደራ» አለችኝ ሲልቪ በአማርኛ። አማርኛውን የተማረችው እናቴ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው። እናቴ እሷን ስታዝል እኔ ድሬዳዋ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። እናቴ ጋር ከመጣሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ማዳም የፈቀዱትም «ለጊዜው» ብለው ነበር።

መኪናው እንደ ወጣ እናቴ ጠራችኝ።

«ስሚ። ይቺ ነገር ብትሞት ሴትዮዋ አንቺን እዚህ አያኖሩሽም። ገባሽ?»

ገብቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። በየደቂቃው ክዳኑን እከፍታለሁ። በከፈትኩ ቁጥር ጥግ ይዛ ትደርቃለች። ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ሲነፋ እሷም ትደነግጣለች፣ እኔም አብሬ እደነግጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ጥርሷን ታንቀጫቅጭ ጀመር። በርዷት መሰለኝ፤ በዚያ ሙቀት! ሻሽ ላለብሳት እጄን ስሰድ ጣቴን ነከሰችኝ። አዴር ዋይስ ከበሩ ሆኖ ሳቀብኝ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ አነጋገሩ የዚያው አገር ነው።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ውሻ ጥርሱን ቢያሳይሽ ሊስመኝ ነው ትያለሽ?»

ማዳም ትተውት የሄዱት ካሮት በሁለት ቀን ጠወለገ፤ እሷም ፊቷን አዞረችበት። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ዋለች። በዚያ ሙቀት በየቀኑ ትኩስ ሆኖ ጅቡቲ የሚገባ ቅጠል ጫት ብቻ ነበር። አዴር ዋይስ ቀንበጡን ቅሞ የሚጥለውን ገራባ ለጎረቤት ፍየሎች ይበትናል። ድሬዳዋም ፍየል በገራባ ሲደልብ እያየሁ ነው ያደግሁት። ለፍየል የሚሆን ለእሷ ምን ይላል ብዬ አንድ እፍኝ ሰብስቤ ሰጠኋት። አንዲት ቅጠል አላስተረፈችም። ደስ አለኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ሣጥኑ ይንኳኳ ጀመር። ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመች ትዞራለች፣ ትዘላለች፣ እንደገና ትዞራለች። እናቴ ልብስ ስትተኩስ ሰምታ መጣች።

«ምን አበላሻት?»

«ገራባ።»

«ኡኡቴ! ፍየል መሰለችሽ?»

«ተያት እባክሽ፣ መርቅና ነው» አለ አዴር ዋይስ። «እኔንም በዚህ ሰዓት ሣጥን ብትከቺኝ እንደሷ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ልጄን ልታስባርርብኝ ነው?»

እናቴ «ልጄ» ስትል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ይመስለኛል። ጆንያ በውሃ ነክራ ሣጥኑ ላይ ጣለችበት። እኔ እጄን አርጥቤ፣ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ሣጥኑ ወለል ላይ ዘረጋሁት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ስንት ጊዜ ረግጣው እንዳለፈች አላውቅም። ክንዴ ደነዘዘ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩጫዋ ቀስ እያለ መጣ፣ ቆመች፣ ከጣቴ ላይ ውሃ ትልስ ጀመር። ከዚያ አገጯን መዳፌ ላይ ጣለችና ከሆዷ ውስጥ ኩር ኩር የሚል ድምፅ ወጣ። እናቴ የምትተኩሰውን ልብስ ትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ድምጿን መለየት ጀመርኩ። የእኔን ኮቴ ስትሰማ ታፏጫለች፤ የእናቴን ስትሰማ ዝም ትላለች። ኩር ኩር ስትል ደህና ናት ማለት ነው። ጥርሷን ስታንቀጫቅጭ አትምጡብኝ ማለቷ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ እነግራት ነበር። እሷም እየሳቀች «ዛሬ ደግሞ ምን አለች?» ትለኝ ነበር።

ማዳምና ሲልቪ በሁለተኛው ወር ተመለሱ። ሲልቪ ከመኪናው እንደ ወረደች መጀመሪያ የሮጠችው ወደ እናቴ ነው። ያን ያህል አድጋ ሳለ እናቴ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። እኔ አየሁ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ መጣች። ኖአዜት አላወቀቻትም፤ ጥግ ይዛ ተገተረች፣ ጥርሷን ታንቀጫቅጭ ጀመር።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ ሲልቪ።

«ደስ ብሏት ነው» አልኳት።

እጇን ሰደደች። ንክሻው ከእኔው የባሰ ነበር፤ ደሙ ቀሚሷን ነካ። ሲልቪ እያለቀሰች የነገርኳትን ለእናቷ በፈረንሳይኛ ተናገረች። ማዳም አዩኝ፤ አልተቆጡም። አዴር ዋይስ አንገቱን ደፋ። እናቴ የዚያን ድምፅ ትርጉም ከእኔው ሰምታለች። ጨርቅ ልታመጣ ገባች። በማግስቱ ወደ አክስቴ እንድመለስ ተቆረጠ።

ካደግሁ በኋላ ወደ ጅቡቲ ተመለስኩ፤ አሁን የልጅ ልጄ እዚሁ አንዲት ጊኒ ፒግ አላት። የእንስሳውን ድምፅ ከነትርጉሙ በስልኳ ታዳምጣለች፤ የሰማችውም ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን ስልኳን አስቀምጣ «አያቴ፣ ምን እያለች ነው?» ትለኛለች። ቶሎ እነግራታለሁ፤ እጇን ከመስደዷ በፊት። ያኔም የተጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ያኔ ወደ ድሬዳዋ የሚመልሰኝ ባቡር የሚነሣው ጧት ነበር። ከመሄዴ በፊት ሣጥኑ ዘንድ ሄድኩ። ሲልቪ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ የተነከሰው እጇ በጨርቅ ታስሯል። ያልተነከሰውን እጇን ይዤ፣ በውሃ አራስኩትና መዳፏን ወደ ላይ አድርጌ የሣጥኑ ወለል ላይ አኖርኩላት።

«አታንቀሳቅሺው።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትመጣ።»

እናቴ የልብሴን ቦርሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ተነሥቼ ወጣሁ።