አሰልጣኙ ሁለተኛ እስኪጠይቅ

ሙሉ በአንድ ጊዜ ጥያቄ እሺ ብላ አታውቅም። ቤቴ መጥታ “ምሳ ብዪ” ስላት፣ ሆዷ እየጮኸ “በልቻለሁ” ትላለች። ተግደርድራ እስክትጨርስ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እኔም እናደዳለሁ። ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ስደት አገር፣ ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው። ብሪን የሚባል ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን እያጸዳች አንድ ልጇን ሀሌሉያን ለብቻዋ አሳድጋለች።

ሀሌሉያ ሯጭ ናት። ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ስትል ፊሊፕ የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ ይጽፍላት ጀመር። ልጅቷ በደስታ መሬት አልበቃት አለ። ሙሉ ግን አላመነችውም። የሀሌሉያ ጓደኞችም ከየኮሌጁ እንዲህ ያለ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ስም ብቻ እየቀየሩ ለሁሉም የሚልኩት ዓይነት።

“ልጄን ከልቡ ፈልጓት እንደሆነ በምን ልወቅ?” አለችኝ።

መላውንም ራሷ አገኘችው። አንድ እሁድ ሰውየው በቪዲዮ ደውሎ “ቡድናችን ውስጥ ቦታ ልያዝላት?” ሲል፣ ለልጇ ሽማግሌ የተላከባት ይመስል ቀጥ ብላ ተቀመጠችና “ገና ልጅ ናት፤ እንመካከርበታለን” አለች። ሀሌሉያ እንዳለ ተረጎመችለት። እሱም “የቤተሰቡን ውሳኔ አከብራለሁ” ብሎ ተሰናበተ።

“የምሩን ከሆነ ተመልሶ ይጠይቃል” አለችኝ ሙሉ ኮራ ብላ። በእኛ ወግ ልክ ናት፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ አይቆርጥም። ግን ይህን ለፊሊፕ ማን ይንገረው?

ሳምንታት አለፉ፤ ሰውየው ድምፁ ጠፋ። ሀሌሉያ ልምምድ ትታ ክፍሏ ተኛች።

“ማማ፣ እነሱ ጋ እኮ እንደዚያ ካልሽ ኔይ፣ እምቢ ማለት ነው” አለቻት።

“እኔ መቼ ኔይ አልኩ?” አለች ሙሉ። ድምጿ ግን ተሰብሯል፤ አንጀቴን በላችው።

“ደውዪለት” አልኳት።

“የልጅቷ ቤተሰብ ቀድሞ ይለምናል እንዴ?”

“ሊያገባት እኮ አይደለም፣ ሊያስሮጣት ነው!”

ቅዳሜ ከሰዓት በቪዲዮ ደወሉለት፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙሉ በልጇ በኩል “ልጄን ተውካት ወይ?” ብላ አስጠየቀችው።

“የማትፈልጉ መስሎኝ ነው” አለ ፊሊፕ። “የመስከረሙን ቦታ ለሌላ ሰጥቻለሁ፤ የጥር ወር ግን አለ።” ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሀሌሉያን አያት። “የግራ እግርሽስ? ቁርጭምጭሚትሽ ተሻለሽ?”

ሀሌሉያ ይህንንም ለእናቷ ተረጎመችላት። ያን እግር ማታ ማታ በሞቀ ውሃ የምታሸው ሙሉ ናት። ሀሌሉያ ለአሰልጣኙ የነገረችው አንዴ ብቻ፣ ገና መጻጻፍ ሲጀምሩ ነበር። ስም እየቀየረ ለሁሉም የሚጽፍ ሰው ይህን አያስታውስም።

“ታዲያ በጥር ትምጣ?” አለ ፊሊፕ።

ሙሉ አፏን ስትከፍት ያው “እንመካከራለን” ልትል እንደሆነ አውቄ፣ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት። ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

“እሺ” አለች። “ትምጣ።”

ሀሌሉያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ከዚያ ለጓደኞቿ ልትናገር ወደ ክፍሏ ሮጠች። ሙሉ ስልኩን በጨርቅ መወልወል ያዘች፤ ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት።

“ሰውየው የምሩን ነው” አልኳት።

“የምሩን ነው” አለች። “ባይሆን ኖሮ እኮ እኔ ጋ ትቀር ነበር።”