ታፈሰች በባዶ ሆዷ ሜራ ተራራ ላይ

የእስራኤሏ ከተማችን ቂርያት ማላኪ ተራራ የላትም። በከተማችን ካለው ዳገት ሁሉ የሚበልጠው መኪና እንዲዘገይ ተብሎ አስፋልቱ ላይ የተሠራው ጉብታ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሽማግሌዎቻችን መሀል ላይ አንድ ጊዜ አረፍ ብለው ነው የሚሻገሩት። ጎረቤታችን ገዴራ ኮረብታ አለኝ ብላ ትኮራብናለች። ያቭኔማ የተዘረጋ ሰሌን ናት። ከእንዲህ ያለ ሜዳ ተነሥቶ ሂማላያ የሚወጣ ሰው ይገኛል ቢባል ማን ያምናል? ተገኘ። ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት፤ ስሟ ታፈሰች።

የታፈሰች ሥራ የሕንጻ ደረጃ ማጠብ ነው። እሑድና ሰኞ ቂርያት ማላኪ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ገዴራ፣ ሐሙስ ያቭኔ። ደረጃ የሚታጠበው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ መጀመሪያ እላይ መድረስ ያስፈልጋል። በአሳንሰር እንዳትወጣ ነዋሪዎቹ «አታርጥቢብን» ይላሉ። ስለዚህ በግራና በቀኝ እጇ አንዳንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ፣ መወልወያዋን በብብቷ ወሽቃ፣ ለዐሥራ ስምንት ዓመት በእግሯ ወጣች። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ጨረቃ ደርሳ ግማሽ መንገድ ተመልሳለች አለ። ሾፌሩ ሒሳብ አይችልም፤ ግን ማንም አልተከራከረውም።

ታዲያ ደረጃ አጣቢ ከበረዶ ተራራ ጋር ምን አገናኛት? ስለት።

ወንድሟ ዘበነ ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተራ ጠብቋል። ፋይሉ ጠፋ፣ ተገኘ፣ እንደገና ጠፋ፤ በመጨረሻ የተገኘው ፋይል የሌላ ዘበነ ሆነ። አንድ ማክሰኞ፣ ገዴራ ውስጥ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ታፈሰች ስልኳ ላይ «ዘንድሮም አልሆነም» የሚል መልእክት አነበበች። ባልዲዋን አስቀምጣ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም «ጌታዬ፣ ወንድሜን በዓይኔ ካሳየኸኝ፣ በምድር ላይ ከፍ ካለው ተራራ ላይ ቆሜ አመሰግንሃለሁ» አለች። ሰው ሲከፋው ሜትር አይለካም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛው ፋይል ተገኝቶ ዘበነ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ወጣ። ታፈሰች አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ስላለች የጥበቃ ሠራተኞቹ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው አሳለፏቸው ይባላል።

ስለት ደግሞ ዕዳ ነው። በዚያው ዓመት የስግድ ዕለት፣ ከኢትዮጵያ የመጣው የአይሁድ ሕዝባችን በየዓመቱ ጾሞ ከፍታ ላይ ወጥቶ የሚጸልይበት ዕለት ማለት ነው፣ እንደ ሁላችንም ኢየሩሳሌም ሄደች።

«ይኸው ተራራ ወጣሽ፤ ስለትሽ ደረሰ» አላት ዘበነ።

«በአውቶቡስ የተወጣ ተራራ ለእኔ አይቆጠርም» አለችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ኢላና ትግባ። ኢላና ገዴራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ማኅበር የምትመራ ሴት ናት። አንድ ቀን የልምምድ ድንጋይ የሞላ ቦርሳዋን ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ታፈሰች ሁለት ሙሉ ባልዲ ይዛ እያዜመች አለፈቻት።

«ኢላንዬ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ፤ ውሃው እንዳይፈስብሽ።»

ኢላና አፏን ከፍታ ቀረች። «ታፊ፣ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው? ሞተር ነው?»

«ሞተር ቢሆን ሠርቪስ ይገባ ነበር።»

የኢላና ቡድን በዚያ ወቅት ወደ ኔፓል ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። የሚወጡት ተራራ ስሙ ሜራ ነው። ከቡድኑ አንዱ የጥርስ ሐኪም ሁለት ዓመት ሙሉ ለሂማላያ ሲለማመድ ከርሞ፣ ያቭኔ ውስጥ ከእግረኛ መንገድ ላይ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ቦታው ባዶ ቀረ።

«ነይ ከእኛ ጋር» አለች ኢላና።

«ስንት ፎቅ ነው?»

«ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰባ ስድስት ሜትር።»

ታፈሰች በጣቶቿ ቆጠረች። «ከሁለት ሺህ ፎቅ በላይ ነው። አሳንሰር የለውም?»

«የለውም።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ልማዴ ነው» አለች።

ዘበነ ሲሰማ ጮኸ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ የመጣሁት አንቺን በረዶ ላይ ልቀብር ነው? እቤትሽ ቁጭ ብለሽ አመስግኚ! እግዜር ጆሮው ተደፍኗል?»

«ስለቴን ስሳል ቁጭ ብዬ አላልኩም» አለችው። የሐኪሙን ጫማ በሦስት ካልሲ ሞልታ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎና በሶ ቋጥራ ሄደች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሚገባ ለመተረክ ሌላ ጋዜጣ ያስፈልጋል። ማኅበረተኞቹ ራስ ምታት ሲያናውዛቸው፣ ምግብ ሲዘጋቸው፣ ታፈሰች የራሷንም የእነሱንም ትበላለች። መሪያቸው ኒማ የሚባል የአገሩ ሰው ነበር፤ ከፊቱ ፈገግታ የማይጠፋ፣ ተራራውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ። እሱንም በሶ አስለመደችው። ጫማቸውን ሳያራግፉ ድንኳን የሚገቡትን ሁሉ ትቆጣ ስለነበር፣ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ላይ ያለው የመጨረሻ ሰፈር ከያቭኔ ሕንጻዎች ሁሉ የጸዳ ሆነ።

ጣጣው የመጣው እዚያው ነው። ነገ ማለዳ ጫፉ ላይ ይወጣሉ። ኢላና «ብሉ፣ ጠጡ፤ ሳትጠግቡ እንዳትተኙ» እያለች ትዞራለች። ታፈሰች ግን በልቧ ሌላ ሥርዓት ይዛለች። እናቷም አያቷም ከፍታ ላይ ወጥተው የጸለዩት ጾመው ነው። ለምስጋና ተራራ እየወጡ ማላመጥ የት አገር ያለ ነውር ነው? ለማንም ሳትናገር አፏን ዘጋች። ውሃም ተወች። ራቷን አጠገቧ ለተቀመጠው ለቶመር ገለበጠችለት። ቶመር የገዴራ ልጅ ነው፤ ከሠራዊት ከወጣ ገና ዓመቱ፤ አማርኛው ከእናቱ ጋር ለመጣላት ብቻ የሚበቃው። ሁለት ሰው የሚያጠግብ በልቶ መረቃት።

ጎህ ሳይቀድ ተነሡ፤ ራስ ምታቱ ያልለቀቃቸው ሌሎቹ ድንኳን ቀሩ። በአንድ ገመድ ታስረው ኒማ ከፊት፣ ከኋላው ኢላና፣ ከዚያ ታፈሰች፣ መጨረሻ ላይ ቶመር። ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ሮዝ ሆነ። ታፈሰች ግን አላየችውም፤ የምታየው ሁለት ባልዲ ብቻ ነው፣ ከፊቷ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ። ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ዝርፍጥ ብላ በረዶው ላይ ተቀመጠች።

ኒማ ተመልሶ ዓይኗን አየ፤ ምላሷን አየ። «መቼ ነው ውሃ የጠጣሽው?»

ታፈሰች ከጫማዋ ላይ በረዶ ጠረገች።

«ዶዳ ታፈሰች!» አለ ቶመር፤ በዕብራይስጥ አክስቴ ማለቱ ነው። «ማታ ምግብሽን ለእኔ ሰጠሽኝ! ጠግቤያለሁ አልሽኝ!»

«አልበላህም እንዴ?»

«በላሁ!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

ኢላና አጠገቧ ተንበረከከች። ታፈሰችም ቃል በቃል እየቆራረጠች ነገረቻት፤ ስለቱን፣ ወንድሟን፣ ተራራ የሚወጣው በጾም መሆኑን። ኢላና ሰማቻት፤ አልተቆጣችም።

ኒማ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠው። «አንድ ገመድ ነን፤ መሪውም እኔ ብቻ ነኝ። ወይ ትበላለች ትጠጣለች፣ ወይ ሁላችንም እንወርዳለን። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ካልደረስን ደግሞ ብትበላም መመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣል።»

«ጾሟን አታስፈርሷት» አለች ኢላና። «እንወርዳለን።» ለመውረድ ገመዱን ማዞር ጀመረች።

ቶመር ወደ ታፈሰች ጆሮ ጎንበስ አለ። «ዶዳ፣ ኢላና ይሄን ተራራ ስትሞክር ሦስተኛዋ ነው። አንዴ ማዕበል መለሳት፤ አንዴ ሰው ታሞባት ወረደች። ልቧን ሐኪም አይቶ ከአሁን በኋላ የለም ብሏታል። ይሄ የመጨረሻዋ ነው።»

ታፈሰች የኢላናን ጀርባ አየች። ሴትዮዋ ገመዱን የምታዞረው ቡና ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ወንበር እንደምትለቅ ሰው ነበር። ታፈሰች ጾሟን ብትይዝ ኢላና ትቀራለች። ብትፈታ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመነችውን አምላክ ያለ ሥርዓት በሞላ አፍ ልታመሰግነው ነው። እዚያ በረዶ ላይ፣ አየር በሌለበት፣ ይሄን ማሰብ ራሱ አንድ ተራራ ነው።

«ኢላንዬ፣ ቁሚ» አለች። «ምስጋና በሰው ገንዘብ አይከፈልም። ይሄ ተራራ ያንቺ ነው። ዳቦ አምጡልኝ።»

«ስለትሽስ?»

«ለእሱ እኔው አስረዳዋለሁ። የምንተዋወቅ ነን።»

ዳቦው ቀዝቅዞ ጡብ ሆኗል። ቶመር በብብቱ ውስጥ ይዞ አሞቀው።

«ከብብትህ ነው የምታበላኝ?»

«ዶዳ፣ እዚህ ማይክሮዌቭ የለም!»

በላች። የሞቀ ውሃ ጠጣች። ከዚያም እንባዋ ወረደ፤ ኒማ እንባሽን አትጨርሺ፣ እሱም ውሃ ነው አላት። ግማሽ ሰዓት አረፉ። ኒማ ሰዓቱን አየ፤ ታፈሰች ተነሣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት ትንፋሽ። አንድ እርምጃ፣ ሦስት ትንፋሽ። «ያላ፣ እንሂድ፣ ሌላ ፎቅ» ትላለች፤ ቶመርም ከኋላ ፎቁን ይቆጥርላታል።

ለአራት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ከዚያ በላይ የሚወጣበት አልነበረም። ደርሰዋል።

ታፈሰች ቀና ስትል ከሰማዩ ዳር አምስት ግዙፍ ተራሮች ተሰልፈው አየች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ይሄ ኤቨረስት ነው» አለ ኒማ እያሳያት፤ የሌሎቹንም ስም ጠራላት።

«ከእኛ ይበልጣሉ?»

«አምስቱም።»

ታፈሰች ሳቀች፤ ሳሏን እስኪያመጣባት ሳቀች። ጾሙ ተፈታ፤ ከሁሉ የሚበልጥ ያለችው ተራራም እንደ ዘበነ ፋይል የሌላ ሆኖ ተገኘ። «በል እንግዲህ» አለች ወደ ላይ፤ «ያለኝ ይሄ ነው።»

ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነች ጠየቀች። ቶመር ስልኩን አውጥቶ በልበ ሙሉነት ቻይናን አሳያት። ኒማ ትከሻውን ይዞ አዞረው።

ለሁለት ዓመት ያዘጋጀችው ረጅም ምስጋና ነበራት። ግን ትንፋሿ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ቃል በላይ አልፈቀደላትም፤ ስለዚህ ስም በስም አደረገችው። «ስለ ዘበነ» አለች፤ ተነፈሰች። «ፋይሉን ስላገኘው ሰው።» ተነፈሰች። «ስለ ጥርስ ሐኪሙ ቁርጭምጭሚት፤ እሱንም ፈውሰው።» ቶመር ትርጉሙ ሳይገባው በየመሀሉ «አሜን» ይላል። ኒማም ነገሩ ደስ ብሎት «አሜን» አለ። «ስለ ኢላና፤ ለእኔ ብላ ልትወርድ ስለነበረች።» እዚህ ላይ ኢላና መነጽሬ ጉም ያዘው ብላ ዞረች፤ ጉሙ እስከ አገጯ ወርዶ ነበር። «ስለ ዳቦው» አለች ታፈሰች መጨረሻ ላይ።

ቂርያት ማላኪ ስትመለስ ዘበነ በዓይኑ አገላብጦ መረመራት፤ ጣቶቿን ሁሉ ቆጠረ። እሷን ግን አንድ ነገር አላስተኛትም፤ ስለቷ ደርሶ ይሆን ወይስ ቀርቷል? አርብ ጠዋት ወደ ቄስ ማናዬ ሄደች። ጉልበታቸውን ስማ ሁሉንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ቄሱ ጠየቋት። «እስከ የት ድረስ ጾምሽ?»

«እስከ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር።»

«ያፈረስሽው ስለ ራስሽ ነው?»

«ስለ ኢላና ነው፣ አባ። እኔማ ልወርድ ነበር።»

ቄስ ማናዬ ሽበታቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ከአባቶቻችን ያን ያህል ከፍታ ድረስ የጾመ ሰው አልሰማሁም። ከዚያ በላይ ላለው ሕግ የለንም» አሉ። «ለሌላ ሰው ብለሽ የቆረስሽው ዳቦ እንደ ጾም ይቆጠርልሻል። በይ ሂጂ፤ ወንድምሽ ምሳ ሳይበላ እየጠበቀሽ ነው።»