ከጨርቁ ክምር ጀርባ

በዚያ ከሰዓት በሀዋሳው ልብስ ፋብሪካ በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ኮሌታ የምትሰፋው የቱላ ከተማ ልጅ፣ ሸሚዝ የሚተኩሱት እናት፣ የፋብሪካው ነርስ፣ ጥራት የምቆጣጠረው እኔ። እናትየውን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር።

ክሊኒኩ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢሆንም ሥራውን ጥሎ የሚሄድ ስላልነበረ፣ ነርሷ በየማሽኑ እየዞረች የደም ግፊት መለካት ጀምራ ነበር። እኛ ግን በሽተኛ ለይተው ሊያባርሩ መሰለን። እትዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አጥብቀው አስረው ነበር የሚተኩሱት። ስለዚህ ነርሷ ስትቃረብ እሳቸውን ከጨርቁ ክምር ጀርባ አስቀመጥናቸው። የቱላዋ ልጅ ካውያውን ያዘች።

ነርሷ «እዚህ የሚተኩሱት እናት የታሉ?» አለች።

«ዛሬ እናት እኔ ነኝ» ብላ ልጅቱ ክንዷን ዘረጋችላት።

ነርሷ ሳቀችና ለካቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ያልተለካ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

እትዬ ከክምሩ ጀርባ ሲወጡ «ጌታ ይባርካችሁ፣ ልጆቼ» አሉን።

በአራተኛው ቀን ካውያውን እንደያዙ ወደቁ፤ በማግስቱ ሐኪም ቤት አረፉ። ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር ተባልን። ከሌላው የስፌት መስመር ግፊት የተገኘባቸው ሁለት ሴቶች መድኃኒታቸውን እየዋጡ ሥራቸው ላይ ነበሩ። የተባረረ ሰው አልነበረም።

እትዬን ስንደብቃቸው «ብለካስ?» ያሉ ይመስለኛል። ማለት አለማለታቸውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የቱላዋ ልጅ ወይም በአቅራቢያው የነበረ ሌላ ሰው ይህን ካነበበ፣ የሰማውን እንዲነግረኝ እለምናለሁ።